ሁለተኛው መውጫ

ጋሼ የምንላቸው የባለቤቴ አጎት አገር ቤት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ነበሩ። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ካሮልተን ከተማ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ መጀመሪያ የጠየቁኝ ቀበሌው የት እንደሆነ ነው፤ እንግዳ መግባቱን ማስመዝገብ አለብህ አሉ። እዚህ አገር ማን ማን ቤት እንዳደረ የሚመዘግብ የለም ስላቸው ለአገሩ መንግሥት ከልባቸው አዘኑለት።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ደግሞ ጡረታ የወጣ የቴክሳስ ሰው ነው። በረንዳው ላይ ባንዲራው ቀኑን ሙሉ ይውለበለባል፤ መንግሥት የሚል ቃል ሲነሳ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ለእሱ አገርና መንግሥት ለየቅል ናቸው፣ ለጋሼ አንድ ናቸው። የምርጫ ዓመት ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩን ተደግፈው ይከራከራሉ፣ እኔ መሃል ቆሜ አስተረጉማለሁ። ጋሼ መንግሥት አባት ነው ይላሉ። ጎረቤቴ አባቱ ድሮ እንደሞተና ሌላ አባት እንደማያስፈልገው ይመልሳል። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ እየቆረጥኩ ነበር የማስተላልፈው፤ የሰፈሩን ሰላም የጠበቅኩት በውሸት ነው።

እናትና አባታችን በሕይወት ስለሌሉ እህቴን የምድራት እኔ ነበርኩ። መልሱ በእኛ ጓሮ እንዲሆን ተወስኖ ትልቅ ድንኳን ተከራየሁ። ጋሼ ፈቃድ አውጣ አሉ። ጎረቤቴ ጓሮህ የራስህ ነው አለ። እውነቱን ልናገርና የእሱ ሐሳብ ጣፈጠኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ሕግ ሰምቼ አላውቅም።

በመልሱ ቀን እንግዳ ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው የከተማው የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ በሬን አንኳኳ። እጁ ላይ «በታላቅ ትሕትና» ብሎ የሚጀምር፣ ጉዳዩ ከላይ የተሰመረበት ማመልከቻ ይዟል። ለካ ጋሼ በድብቅ ጽፈው፣ ባለቤቴ ተርጉማ ልካላቸው ኖሯል። ሰውየው ድንኳኑን ዞሮ አየ። የኋላው በር ከአጥሩ ጋር ተጣብቋል፤ ሁለተኛ መውጫ ከሌለው ሰው አይገባበትም፣ ይነሳ አለ። ድንኳኑ በስንት መከራ ነው የቆመው፣ ማዞሪያ ቦታም ጊዜም የለም። እህቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ ብዬ ተጨነቅኩ። ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉኝ፤ ማመልከቻውን በመላካቸው ግን የተጸጸቱ ይመስሉ ነበር።

ጎረቤቴ ከማዶ ሁሉን ሰምቷል። አሁን ከሰውየው ጋር ይጣላል፣ ነገሩ ይብሳል ብዬ ስፈራ ወደ ጋራዡ ገባ። የሚስማር መንቀያ ይዞ ወጣና የገዛ አጥሩን ሳንቃ አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ሲሆን ቀና ብሎ «መውጫው በእኔ ግቢ በኩል ነው» አለ። ተቆጣጣሪው ሁለቴ አለፈበትና ወረቀት ላይ ፈርሞ ሄደ። ጋሼ ወረቀቱን ገልብጠው ቢያዩት ማኅተም የለውም፤ በጣም ቅር አላቸው።

ድግሱ ሞቀ። ጎረቤቴ ዶሮ ወጡ እያስነባው ሦስት ጊዜ አስጨመረ፣ እህቴም እጁን ይዛ አስጨፈረችው። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ አጥሩን ሊመልስ መዶሻ ይዞ መጣ፤ ሳንቃዎቹን ግን ማጠፊያ ገጥሞላቸው በር አድርጓቸዋል። ጋሼ ጠጋ ብለው አዩትና ፈቃድ አውጥቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ አሉ። በዚህ ጊዜ አንድም ቃል ሳልቆርጥ አስተረጎምኩ።

ጎረቤቴ ኮፍያውን አወለቀ። «ፈቃዱን እሳቸውን ልጠይቅ ነው የመጣሁት በላቸው» አለኝ።

ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉ። በሩን ከፍተው ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት።

«ተፈቅዷል» አሉ።