በሊጥ የተለጠፉት ፖስት ካርዶች

እርጥብ ጭቃና ሊጥ ባንድነት ሸተቱኝ። አዘዞ ባለው የአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት የአባቴ ፖስት ካርዶች የመጨረሻውን በእርጥብ ስፖንጅ እያላቀቅሁ ነው፤ ቤቱ ሰኞ ይፈርሳል።

ሲለጠፉ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ለትምህርት ባሕር ማዶ የሄደው አባቴ ካርድ በላከ ቁጥር፣ አያቴ የስንዴ ዱቄት በጥብጠው፣ ሥዕሉ እንዲታይ ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙረው ይለጥፉት ነበር። የሊጡን ጣሳ የምይዝላቸው እኔ ነኝ።

«አያ፣ ጽሑፉ ተሸፈነ እኮ» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ቄሱ አንብበውልናል። ደኅና ነኝ ብሏል። ደኅና ነኝ ያለ ሰው ሁለቴ አይነበብም።»

«ስለ እኔስ ምን አለ?»

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ከደኅንነት ሌላ ምን ትሻለሽ? ይልቅ ሥዕሉ ላይ ያለውን ድልድይ እዪው፣ ሸጋ ነው።»

ማንበብ የቻልሁት በዓመቱ ነው። ያኔ ካርዱ መምጣቱን አቁሟል፤ አባቴም አልተመለሰም።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥንት ጽሑፍ አጠባበቅ አስተምራለሁ። ሊጥ በውኃ እንደሚለቅ፣ የብዕር ቀለምም በውኃ እንደሚለቅ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። በደረቁ የሞከርኋቸው ሁሉ ጀርባቸውን ለግድግዳው ትተው ተቀደዱ፤ ስለዚህ የመጨረሻውን አረጠብሁት። ሳይቀደድ ለቀቀ። ስገለብጠው የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ሰማያዊ ውኃ ሆኖ በጣቶቼ መካከል ወረደ። ካርዱ ላይ የቀረው ማተሚያ ቤቱ ያተመው ብቻ ነው፤ የማላውቀው ከተማ ስም፣ ከጎኑም ለመልእክት የተሰመሩ አምስት መስመሮች።