ዋግምት ያልነካው ጀርባ

አሰበ ተፈሪ ከተማ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኜ ስሠራ፣ ወገቡን ያመመው ሰው እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ዋጋሚ ቤት ይደርሳል። ዋጋሚው ቀንድ ደፍቶ ደሙን ሲመጥለት ይከርምና፣ ክብ ክብ ሆኖ የበለዘ ጀርባውን ይዞልን ከች ይላል። ስለምንቆጣ ሁሉም ይክዳል። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀናኝ ነበር።

አንድ የሂርና ጫት ነጋዴ ሚስቱን ተደግፎ መጣ። አርባ ቢሆነው ነው። አከርካሪው ጎበጥ ብሏል፣ ትኩሳትም አለው። ሐረር ልከነው ራጅ ቢነሳ ቲቢ አጥንቱን ይዞታል ተባለ። የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ጀመርኩለት። ይሻለዋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ገረጣ፤ ጀርባው ላይም አዲስ ብልዝ ወጣ።

"ተዋግመዋል!" አልኩት።

"ወላሂ አልተዋገምኩም፣ ሐኪም።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! ሁለተኛ ብልዝ ባይ መርፌውን አቆማለሁ።"

አንገቱን ደፋ። የገረጣው ደሙን ስላስመጠጠ ነው ብዬ ጉበት እንዲበላ አዘዝኩት። ድዱ ሲደማም አይቻለሁ፤ ጫት ነው ብዬ አለፍኩት። ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

በሳምንቱ ሚስቱ ብቻዋን መጣች።

"የማጥበው እኔ ነኝ" አለችኝ። "ብልዙ ጭኑም ላይ አለ። ጭን ላይ ማን ይዋገማል?"

በወር አንዴ ከሐረር የሚመጣው ዶክተር በማግስቱ ሲደርስ ነገርኩት። ሰውዬውን አስመጥቶ አልጋ አስያዘውና፣ ከጣቱ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ፤ ለእኔም አሳየኝ። ነጩ የደም ሕዋስ እንደ ገበያ ቀን ሰው ተጨናንቋል።

"የደም ነቀርሳ ነው" አለ። "ቲቢው ጋርዶብን ነው እንጂ አብሮ ነበር።"

"መድኃኒቱስ?"

"የለውም። ያን ጊዜ ብታውቀውም የምትሰጠው አልነበረህም።"

ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። አልተጽናናሁም። ዶክተሩ መንገደኛ ስለነበር ለሰውዬው መንገር ለእኔ ተረፈ። ሄጄ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

"ደምዎ ታሟል" አልኩት። "ብልዙን ያመጣው እሱ ነው። ለዚህ መድኃኒት የለንም።"

ሚስቱ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እሱ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

"እንዳልተዋገምኩ አመንክ ማለት ነው?"

"አምኛለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ፣ ፊቱ በርቶ። "እንግዲያ መርፌውን አታቆምብኝም።"