ጉጉቷን ማን ፈለጋት

ጎረቤቴ ቢያዝን ወፍ አይወድም ነበር። የአትክልት ጠባቂ ነውና ባይወድ አልፈርድበትም፤ የእሱ ጥላቻ ግን ከሥራው ያልፍ ነበር። ከአንበሳሜ ወጥቶ ባሕር ዳር ከገባ ጀምሮ ጣና ዳር ያለውን የማንጎና የዘይቱን አትክልት ሲጠብቅ ኖረ። አትክልቱ መጀመሪያ የአንድ ባለርስት ነበር፤ ኋላ ሲወረስ የቀበሌያችን ሆነ። ባለቤት ተለወጠ እንጂ ጠባቂውስ ያው ቢያዝን ነው፤ ያው ቡትቶ ካፖርት፣ ያው ወንጭፍ። ከሚስቱ ከሙሉነሽ የወለዳቸው ልጆች በሕፃንነታቸው እየሞቱ የቀረችለት ፀሐይወርቅ ብቻ ነበረች። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ስለ እሷ ሲያወራ ያ ደረቅ ፊቱ ይፈታል፤ "የእኔ ልጅ እኮ ሐኪም ነው የምትሆነው" ይለኛል፣ ነገ የምትመረቅ ይመስል።

ወፍ የሚገድልበት ዘዴ ግን ያስቀፍፈኝ ነበር። ማንጎው ሲበስል አንዲት ጉጉት ከዋርካ ሽንቁር ይዞ ያመጣል። እግሯን በጠፍር ያስርና በአትክልቱ መካከል በተተከለ ግንድ ላይ በጠራራ ፀሐይ ያስቀምጣታል። ጉጉት በቀን ስትታይ ወፍ ሁሉ ያብዳል። መጀመሪያ አንዲት ድንቢጥ ታያትና ትንጫጫለች። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ይመጣል። ጠዋት በአንድ ፍሬ ሲናከሱ የነበሩት ሁሉ እሷ ላይ ሲሆን ይስማማሉ። ቁራው ከላይ እየተወረወረ አናቷን ይጠቀጥቃታል፤ ትንንሾቹ ከኋላዋ እየመጡ ላባዋን ይነጯታል። እሷ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች አንገቷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች። እግሯ ታስሮ ሌላ ምን ታድርግ?

ወፎቹ በዚያ ጩኸት ሰክረው ሰው አጠገባቸው መድረሱን አያዩም። ቢያዝን ከቅጠሉ ሥር ሆኖ እፍኝ ጠጠር በወንጭፍ ይለቅባቸዋል። ሲመሽ የሞቱትን በገመድ ሰክቶ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላቸዋል፤ ለቀሩት መቀጣጫ መሆኑ ነው። ጉጉቷ አንድ ሳምንት ብትቆይ ነው። ስትሞት ሌላ ያመጣል።

ሙሉነሽ ይህን ነገር አጥብቃ ትጠላ ነበር። "ኧረ በሥላሴ! ይችን ሞት ጠሪ ከደጄ አርቅልኝ" ትለዋለች።

"የምትጠራው የወፍ ሞት ነው፤ አንቺን ምን አገባሽ?" ይላታል፤ ይስቃልም።

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ግንቦት ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አካሉ ማንጎ ሊወስድ መጣ። አካሉ ከአብዮቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚለን፣ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት የሚሠራ ትሑት ልጅ ነበር። አሁን ሽጉጥ ታጥቋል፤ ጎንበስ የምንለው እኛ ሆነናል። እኔ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ከቢያዝን ጋር ጥላው ሥር ተቀምጬ ነበር። አካሉም አጠገባችን ተቀመጠና ወፎቹ ጉጉቷን ሲያስጨንቋት ብዙ አየ።

"አያ ቢያዝን፣ ይች ጉጉት ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የምታሰቃያት?" አለው።

"ጉጉቷን ማን ፈለጋት ጓድ ሊቀመንበር!" አለ ቢያዝን፣ ሰው ስለ ሥራው ስለጠየቀው ደስ ብሎት። "እሷ ማንጎም አትበላ። እኔ የምፈልገው የሚጮሁባትን ነው። ዛፍ ለዛፍ እየዞርሁ ብፈልጋቸው መቼ አገኛቸዋለሁ? እሷን ካሰርሁ ግን ራሳቸው ይመጡልኛል።"

አካሉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ማንጎውን በጆንያ አስይዞ ሄደ።

ጊዜው የሚታወቅ ነው። ደረታቸው ላይ ወረቀት የተለጠፈባቸው ልጆች ተገድለው መንገድ ዳር ተጥለው እናገኛለን፤ እናት ልጇን አይታ እንዳላየች ታልፋለች። በቀበሌያችን የተከለከለ ወረቀት በድብቅ የሚያነብና የሚበትን ወጣት እንዳለ አካሉ ያውቃል፤ ማን ማን እንደሆነ ግን አልደረሰበትም። ማንጎ በወሰደ በሳምንቱ መምህር ዓምደ ሚካኤል ተያዘ፤ የፀሐይወርቅ የታሪክ አስተማሪ ነው። እሑድ ጠዋት ሁላችንም ለስብሰባ ተጠራን።

ከቢያዝንና ከልጁ ጋር አብረን ነበር የሄድነው። ባለፈው ስብሰባ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ጎረቤታችን በማግስቱ ተይዞ ስለነበር ቢያዝን ፈርቷል። መንገዱን ሙሉ ልጁን ሲመክራት ሰማሁት።

"ዝም ያለ ይያዛል፤ አይተሻል። ተማሪው ስለሆንሽ ዓይናቸው አንቺ ላይ ነው። ቀድመሽ ተነሽና መምህሩ ላይ ተናገሪ።"

"አባባ፣ እሱ እኮ ክፉ ነገር አላደረገኝም። ምን ልበል?"

"ያየሽውን ነዋ!"

"ያየሁትማ ወረቀት ሲያነብ ነው።"

"በቃ እሱን በይ። እኔን ከወደድሽ እሱን በይ!"

ፀሐይወርቅ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ሄደች።

መምህሩን እጁን የፊጥኝ አስረው በአዳራሹ መካከል ጠረጴዛ ላይ አቁመውታል። መጀመሪያ አንዲት ጠላ ሻጭ ተነሥታ "አናርኪስት!" አለች። ከዚያ ማን ይመልሰን! በቦኖ ውኃ ተራ ሲደባደቡ የከረሙ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ጮኹ። አንዱ ምራቁን ተፋበት፣ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ቅልጥሙን መቱት። መምህሩ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ሌላ ጊዜ ከሁላችን አብልጦ የሚጮኸው አካሉ ያን ቀን ድምፁን አላሰማም። ክብሪት እንጨት እያኘከ የሚነሣውን ሰው ሁሉ ይመለከታል። ይህን እኔ ካየሁት ቢያዝን ማየት ነበረበት፤ ከቅጠል ሥር ተቀምጦ መጠበቅን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? እሱ ግን ልጁን በክርኑ ይጎስማል።

ፀሐይወርቅ ተነሣች። "ወረቀት ሲያነብ አይቻለሁ" አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

አካሉ እጁን ሲያነሣ አዳራሹ ጸጥ አለ። "ጎሽ እህቴ። የት?" አላት በለስላሳ አፉ።

"ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ።"

"አንቺ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?"

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች። 

"ከማን ከማን ጋር ሆናችሁ ነበር የሚያነብላችሁ?" አለ አካሉ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ግራና ቀኝ ያዟት። በመምህሩ ላይ ሲጮኽ የነበረው ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ እሷ ዞሮ ጮኸ። ጠላ ሻጯ የልጅቱን ነጠላ ጎትታ ቀደደችው። ልጅቱን በሕፃንነቷ አዝላ ታባብላት የነበረችው ያቺው ሴት ናት፤ እስከ ዛሬ ሳያት ያመኛል።

ቢያዝን አካሉ እግር ላይ ወደቀ። "ጌታዬ፣ እሷ እኮ የተናገረችው በመምህሩ ላይ ነው! የምትፈልጉት እሱን አይደለም ወይ?"

አካሉ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "መምህሩን ማን ፈለገው አያ ቢያዝን? አንተው አይደለህም እንዴ ያስተማርኸኝ?"

መምህሩን በማግስቱ ለቀቁት። ሐሙስ ጠዋት ፀሐይወርቅን ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ዳር አገኘናት። ማልቀስ ክልክል ነው ተባልን፤ ሙሉነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ቤቷ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ቢያዝንን ፍለጋ ወደ አትክልቱ ሄድሁ። ከእሑድ ወዲህ ጉጉቷን ያስታወሰ የለም። ሞታ በጠፍሩ ቁልቁል ተንጠልጥላለች፤ ወፎቹ ግን አሁንም ይጮሁባታል፤ አሁንም ይነጯታል። ቢያዝን ወንጭፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያል። አንድ ጠጠር አልወረወረም። ሙሉነሽ ከኋላዬ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ልጄን ተነሽ ተናገሪ ያላት ማን ነው?" አለችው።

ዓይኑን ከጉጉቷ ላይ ሳያነሣ፣ "እኔ ነኝ" አላት።

ሙሉነሽ ሌላ አልጠየቀችውም። በዚያ ዓመት ማንጎውን ወፍ በላው።