ለአይጥ የተበተነው ገብስ

ልጅ ሳለሁ የአባቴ አጎት አያ ደምሴ ቀኑን ሙሉ ከበግ ጠጉር ባና ሲሸምኑ ይውሉና፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እኛ ቤት መጥተው ከኩበቱ ፍም ዳር ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ መንዝ ውስጥ ከእሳቸው ድምፅ የበለጠ የሚሞቅ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ዓመት አይጥ ገብሳችንን ፈጀው። አባቴ ከቀየት ገበያ መርዝ ገዝቶ ከገብስ ጋር ለወሰና ጉድጓዶቹ አፍ ላይ በተነው። እናቴም ታውቅ ነበር፤ እኔን ደግሞ አባቴ «እንዳትነኪ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

በማግስቱ አያ ደምሴ ያወሩልን ቀበሮዎችን ገድሎ ስለጨረሰ ሰው ነበር። ቀበሮዎቹ ሲያልቁ አይጦቹ ተባዙ፣ የጓሳውን ሣር ከነሥሩ በሉት፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ራቁቱን የቀረውን አፈር ጠርጎ ወሰደው፤ በመጨረሻም ሰውዬው በጎቹን እየነዳ አገር ለቆ ሄደ።

እኔም ሳላስበው ጠየቅኩ፦ «አያ፣ ቀበሮዋ መርዝ የበላ አይጥ ብትበላስ?»

የእናቴ እንዝርት ቆመ። አያ ደምሴ ወደ አባቴ ዞሩ።

«የምን መርዝ ነው የምታወራው ይህች ልጅ?»

አባቴ ፍሙን ይቆሰቁስ ጀመር።

«ተነሥ! ጨርሶ ሳይጨልም የበተንከውንም የሞተውንም ልቀም!» አሉት አያ ደምሴ።

እኔ፣ አባቴና አያ ደምሴ ጆንያ ይዘን ወጣን። አባቴ የሞቱትን አይጦች በእንጨት እያነሣ ጆንያው ውስጥ ይከት ነበር። ከማሳው ጫፍ ስንደርስ ቀይዋን ቀበሮ አየናት፤ አይጥ በአፏ ይዛለች።

«ጣይው! ጣይው!» እያለ አባቴ እየጮኸ ሮጠ፤ ድንጋይ ወረወረ። አይጡን ጥላ ፈረጠጠች። ከዚያ በፊት ሌላ በልታ እንደሆነ ግን ማን ያውቃል?

አባቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል፤ ጠዋትና ማታ ጉድጓዷን ሲጠብቅ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን በሕይወት አያት። ደስ ብሎት ሲመለስ ግን ወንዙ ዳር አንዲት ጭልፊት ክንፏን ዘርግታ ሞታ አገኘ። ቤት ይዟት መጣ።

«እሷን እንኳ አላሰብኳትም» አለ። አያ ደምሴ ሊቆጡት የመጡ ቢመስሉም ዶማ አንሥተው ጉድጓድ ይቆፍሩ ጀመር።

ከተረቶቻቸው ብዙዎቹን ዛሬ ረስቻለሁ። አባቴ ጭልፊቷን ታቅፎ እደጃፉ የቆመበት አቋቋም ግን አልጠፋኝም፤ ማሳዬ ላይ አንድ ነገር ከመበተኔ በፊት፣ ማን እንደሚበላው፣ የበላውን ደግሞ ማን እንደሚበላው ሳልጠይቅ እጄ አይዘረጋም።