አባባ ፉል ያላመጣበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ራግቢ እጫወት ነበር ስል የሚያምነኝ ሐበሻ የለም። «አንቺ? በዚህ ቁመትሽ?» ይሉኛል። እውነቴን ነው። ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ ከጎማ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከሣሩ ኩርንችቱ የሚበዛ ሜዳ ነበረን። ከፕራክቲስ በፊት ጎንበስ ብለን እንለቅማለን፤ የቀረውን በጉልበታችን እናገኘዋለን። ክለቡን ያቋቋመችው ኮች ሊን የምንላት ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ከሰፈሩ አፓርታማዎች የሶማሌውን፣ የሜክሲኮውን፣ የበርማውን፣ የእኛንም ሴት ልጆች ሰብስባ፣ ያቺን እንቁላል የምትመስል ኳስ በእጅ ወደ ኋላ ብቻ እያቀበሉ ወደ ፊት መሮጥ አስተማረችን። የዚያ ሜዳ አቧራና የላብ ማሊያ ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።

አባቴ የኤርፖርት ታክሲ ነበር የሚነዳው። እናቴ ቅዳሜ ሆስፒታል ስለምትሠራ እኔን የሚያነሳኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ጌም ሊያየኝ የመጣ ቀን፣ አንዲት ግዙፍ ልጅ ወገቤን ይዛ መሬት ላይ ስትዘረጋኝ፣ መኪናውን እንኳ በወጉ ፓርክ ሳያደርግ «ልጄን! ልጄን ገደሏት!» እያለ ሜዳ ገባ። ዳኛው ጨዋታውን አስቆመ። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኮች ሊን ክንዱን ይዛ አወጣችውና እኔ እያስተረጎምኩ ደንቡን አስረዳችው። አንዱንም አልሰማትም። «ጨዋታው ሲያልቅ ባለሜዳው እንግዳውን ቡድን ያበላል፤ የራግቢ ወግ ነው» ስትለው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አጃኢብ!» አለኝ። «ይደበድቧችሁና ታበሏቸዋላችሁ? ምንድን ነው የምታበሏቸው?»

ቺፕስ ነው አልኩት። «ቺፕስ! እንግዳ በቺፕስ ይሸኛል?» ብሎ ከመደብደቤ ይልቅ በዚህ ተቆጣ።

አባቴ በወጣትነቱ መርካቶ ፉል ቤት ሠርቷል። አሜሪካ ከመጣ ወዲህ ግን ያንን ሙያውን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳው የእኛ በሆነ ቁጥር ዓርብ ባቄላውን ይዘፈዝፋል፤ ቅዳሜ ድስቱን በፎጣ ጠቅልሎ ታክሲው ኋላ ላይ ጭኖ ከች ይላል። ከሙኑና ትኩሱ ዳቦ ከታክሲው ሲወጣ ጨዋታው ውስጥ ሆነን እንኳ ይሸተን ነበር። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ እጁን ታጥቦ ይጠብቀናል። ደግሞ አጉራሽ ነው! ዳቦውን ፉሉ ውስጥ ነክሮ አስቀድሞ የሚያጎርሰው እኔን ሳይሆን እኔን ስትጥለኝ የዋለችውን ልጅ ነው። «በሞቴ! ይቺን ብቻ፣ በሞቴ!» ይላታል፣ በአማርኛ። መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ይቀበሉታል። ዓመት ሳይሞላ ሜዳው ሁሉ «አባባ» ይለው ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ተሳፋሪ ስሙን የማይጠይቀው ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የክለቡ ሹም ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ምን እንደነካኝ እንጃ። ሊትልተን፣ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ከተማ፣ ሄደን ተጫወትን። እዚያ ወላጆቹ ድንኳን ተክለው፣ ሳንድዊቹን አንድ በአንድ በላስቲክ ጠቅልለው አቀረቡልን። አምበላቸው ሜጋን የምትባል ልጅ ነበረች፤ አረማመዷን ሳይቀር ወደድኩላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እነሱ ወደ እኛ ሊመጡ ነው። አባቴ በጣቶቹ ሜጋንን ሊያጎርሳት ሲል፣ እሷ ፊቷን ስታዞር ታየኝ። ገና ሳይሆን አፈርኩበት።

ዓርብ ዕለት ባቄላውን ዘፍዝፎ ጨርሷል። «አባባ፣ የነገው ጨዋታ ተሰርዟል» አልኩት። ዓይኔን አየት አደረገና «ምንም አይደል፣ ለመስጊዱ ሰዎች እወስደዋለሁ» አለ። ጠዋት ጓደኛዬ ጋ ላጠና ነው ብዬው ከቤት ወጣሁ፤ ለኮች ሊን ደግሞ አባቴን ሥራ ይዞታል አልኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ቅር አላት፤ ግን ምን ታድርግ፣ ፒዛ አዘዘች።

ከጨዋታው በኋላ ከእንግዶቹ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጠን ፒዛችንን እንበላለን። ቀና ስል የአባቴ ታክሲ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ወደ መስጊዱ የሚወስደው መንገድ በሜዳው በኩል መሆኑን እኔ ጅሏ አላሰብኩትም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያየናል። ተነስቼ መሮጥ ነበረብኝ። አልተነሳሁም፤ እንዲያውም ዞር ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ወላሂ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መልሼ ሳይ ታክሲው ሄዷል።

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እራት ላይ «እንግዶቹ በሉ?» ብቻ አለኝ።

«በሉ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለና ዳቦውን ቆረሰ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ መውጣት ጀመረ። ኮች ሊን ሁለት ጊዜ ደውላለት ነበር፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝና የሚመቸኝን አስተረጎምኩ። የክለባችን ግብዣ ከፒዛ ተመልሶ ቺፕስ ሆነ። እንግዶቹም ጨዋታው እንዳለቀ መሄድ ለመዱ። ታላላቆቻችን ሃይስኩል ጨረሱ፣ ኮች ሊን ጉልበቷን ታመመች፣ ክለቡም ፈረሰ። እኔ አፈረስኩት አልልም፤ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እንደ ድሮው አልነበረም።

አባቴ አኼራ ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው፣ አላህ ይርሐመው። ይቅርታው ስንቴ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። አሁን እኔም በተራዬ ቅዳሜ ልጄን ኳስ አደርሳለሁ። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ወንበሩን አጣጥፎ ወደየመኪናው ነው። ያሸነፈው ከተሸነፈው ጋር ውሃ እንኳ አይቃመስም። ልጄም «ማም፣ ካን ዊ ጎ?» ትለኛለች፤ እንሄዳለን።

በቅርቡ ኮች ሊን የክለቡን ታሪክ ልታሰባስብ ተነስታ፣ የተጫወትነውንም ሆነ የተጋጠሙንን ልጆች «የምታስታውሱትን ጻፉልኝ» አለች። የደረሳትን ላከችልኝ። ስለ ግጥሚያ ውጤት የጻፈ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም ስለ አባባ ፉል ነው። ሜጋንም ጽፋለች። «ኦሮራ ስትሄዱ አንድ አባት በእጁ ያጎርሳችኋል ብለው ሌሎቹ ቡድኖች ነግረውን ነበር። መንገዱን ሙሉ ማን ቀድማ እንደምትጎርስ ስንከራከር መጣን። የዚያን ቀን ግን ሥራ ይዞት ሳይመጣ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» ትላለች።

ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ የራሴን ገጽ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ስለ ኩርንችቱ፣ ስለ ኳሷ ብዙ ላወራ አስቤ ነበር። ለኮች ሊን የላክሁላት ግን ይኼን ብቻ ነው፦ «አባቴን ያን ቀን ሥራ አልያዘውም። ድስቱን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ።»