ከበቡሽና የተቀባው ተሳቢ

ከበቡሽ በአዋሳ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሁለት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቃለች። የመኪና ኤሌትሪክ ሙያ የተማረች ብትሆንም ፒንሳ ያስጨበጧት በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ሌላ ሰው ሲጠፋ። ማኅበሩ ጀልባ የሚጭንበትን ተሳቢ መብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘረጋችው እሷ ናት። ክረምቱን ሙሉ እንከን አልነበረበትም።

መስከረም 1977፣ የአብዮቱ በዓል ካለፈ በሳምንቱ፣ ተሳቢው ሞተሩ የተበላሸ ጀልባ ጭኖ ወደ ዝዋይ ሲሄድ ከሻሸመኔ ኬላ ተመለሰ። ሾፌሩ ደምሴ ሐይቁ ዳር ማኅበሩ ካለበት አሞራ ገደል ደርሶ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ነገራት። ግራ ፍሬቻ ሲያበራ የኋላ መብራቶቹ በሙሉ ደብዝዘው አብረው ይርገበገባሉ።

«ትራፊኩ ማንን ነው የምትጠቅሰው አለኝ። ባለትዳር ነኝ ብለው አልሰማኝም።»

ሊቀመንበሩ ጓድ ሸዋንግዛው አልሳቁም። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ ከሻሸመኔ ባለሙያ እንደሚያስመጡ፣ እሷም ወደ ግምጃ ቤቷ እንደምትመለስ ነገሯት። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከበቡሽ አምፖል አልቀየረችም። አንድ ረጅም ሽቦ አመጣች። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አስራ ሌላውን የመብራቱን ብረት አስነካችው። ፍሬቻው ብቻውን ደምቆ በራ። ሽቦውን ስታነሳው ደበዘዘ። እንግዲህ መብራቱ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው መመለሻው፣ ማሳ የሚሉት ነው። ኤሌትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በተሳቢው ብረት በኩል ስለሆነ መብራቱ የተራቆተ ብረት ላይ መቀመጥ አለበት።

በካቻቪቴ ፈታችው። ሥሩ ቀይ ነው። ተሳቢውን ለበዓሉ ሰልፍ የቀቡት ወጣቶች ለጥራት ብለው መብራቶቹን ሁሉ ፈትተው፣ ከሥር ያለውን ብረት ደራርበው ቀብተውታል።

ብርጭቆ ወረቀት ስታነሳ ሸዋንግዛው እጇን ያዙ።

«ይሄ ለአብዮቱ የተቀባ ነው። ማን ፋቀው ቢሉኝ ምን ልመልስ?»

«ከበቡሽ ይበሉ።»

«ቀላል አድርገሽ አትዪው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የምፍቀው የሳንቲም ያህል ነው፤ መብራቱ ሲቀመጥበት አይታይም። ካልፋቅኩት ግን እርስዎ የሚያስመጡት ሰውም ይፍቀዋል።»

ደምሴ ወደ ሐይቁ ዞሮ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሸዋንግዛው እጇን ለቀቁ።

በየመብራቱ ሥር ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቀች። ዝገት እንዳይገባ ቀጭን ግራሶ ቀባች፤ ብሎኖቹን አጠበቀች። በተሳቢውና በመኪናው መጋጠሚያ ላይም አልተማመነችም፤ እሱም በግራሶ የተለወሰ ነው፣ ይነቃነቃል። ከተሳቢው ብረት እስከ መኪናው ሻሲ ለማሳው ብቻ የሚሆን አንድ ሽቦ ዘረጋች፤ በመታጠፊያ እንዳይበጠስ ላላ አድርጋ ተወችው።

ሊቀመንበሩ ራሳቸው ከኋላ ቆመው ግራ፣ ቀኝ፣ ፍሬን እያሉ አስበሩ። ሁለቴ ደገሙት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ከዚያ የመውጫ ወረቀቱን አወጡ። «የባለሙያ ፊርማ» ከሚለው መስመር ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው እስክሪብቶውን ሰጧት።

«ጥርት አድርገሽ ፈርሚ፤ ኬላ ላይ የሚነበበው ይሄ ነው» አሏት።