የአባቴ ካፖርት ኪሎ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን፤ እሱም የስፌት መኪናውን ሳሎን መስኮት ሥር አስቀምጦ ሥራውን ቀጠለ። የሳንባ ካንሰር እንዳለበት የተነገረን በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው።

በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ እንዲወስድ ታዘዘለት። አጃቢው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ግን እኔን ሊያሳክመኝ የመጣ ይመስል ከወረፋ ጠባቂው ሁሉ ጋር ያወራል፣ የሰው እጅጌ እያገላበጠ ማን እንዲህ አበላሸብህ ይላል።

ክፉውን ወሬ የሰማውም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አንዱ የወረፋ ጓደኛው፣ ኪሎው የቀነሰ ሰው መድኃኒቱን አይችለውም ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል ብሎ ነገረው። አባቴ ደግሞ እየከሳ ነበር። እኛ ይህን ልብ አላልንም፤ በከሳ ቁጥር ሱሪና ሸሚዙን ራሱ እያጠበበ ልክክ አድርጎ ይለብሳላ! ጎረቤቱ ሁሉ በሽታው አልደፈረውም ይል ነበር።

ከዚያ ወፍራም ካፖርት መልበስ ጀመረ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ነርሷ አውልቅ ብትለው፣ ብርድ አልችልም እያለ ይለማመጣታል። ኪሎው ጨመረ። ሐኪሟ ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ፣ እናቴ ለማርያም የተሳለችውን ጃንጥላ ለማስገባት ተጣደፈች። ደስ ያላለው የእሱ ሰውነት ብቻ ነበር። መድኃኒቱን በወሰደ ቁጥር ሳምንት ሙሉ ውሃ እንኳ አይረጋለትም።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሚስማር አይይዝም። አንድ ቅዳሜ እናቴ ካፖርቱን ሰቅላ ዞር ከማለቷ ከነሚስማሩ፣ ከነልስኑ ወረደ። ከታች ያሉት ጎረቤት ምን ወደቀባችሁ ብለው መጡ። ላነሳው ብሞክር ከበደኝ። ገበሩን ስዳብሰው፣ መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ጫፉ ላይ የሚሰፉት ትናንሽ ብረቶች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ስፌቱ እንከን አይወጣለትም። በጣም ተናደድኩ። እሱ ግን አላፈረም፤ ዝም በይ፣ ይመልሱኛል ብቻ አለኝ።

ዝም አላልኩም። በቀጠሮው ቀን ለሐኪሟ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። መድኃኒቱ የሚሰላው በቁመቱና በኪሎው ስለሆነ ከሚገባው በላይ ሲወስድ እንደቆየ አስረዳችው። የከሳ ሁሉ እንደማይመለስ፣ መጠኑ እንደሚስተካከልለትም ነገረችው።

አባቴ የካፖርቱን ጫፍ ዳበሰ።

«በተሳሳተ ልክ ነዋ ጨርቅ ያስቆረጥኩሽ፣ ልጄ» አላት።

ያፈረው ያኔ ነው። ልክ መሳሳት በእሱ ሙያ ትልቅ ነውር ነው።

ካፖርቱን አወለቀ። ጫማውንም፣ ሰዓቱንም፣ ማንም ሳይጠይቀው ቀበቶውንም። በካልሲ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ቁጥሩን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«በጣም ከስቻለሁ አይደል?»

ለሕመምተኛ የሚባለውን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ደህና ነህ፣ ምንም አልሆንክ።

«አዎ፣ አባዬ» አልኩት።

በልኩ የተሰጠውን መድኃኒት ወስዶ ወደ ቤት ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ጠጣ። በአራተኛው ቀን የቀሚሴን ዘርፍ ተቸ። በአምስተኛው ቀን ከስፌት መኪናው አጠገብ በቁምጣ ቆሞ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ሰጠኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው እንዲለካው ፈቅዶ አያውቅም። ወገቡ ላይ አዞርኩት፤ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ትንሽ ላላ አደረግኩለት። አየኝ።

«ጠበቅ አድርጊው» አለኝ፤ «እንዳታዳዪልኝ።»